ደጅ ላይ የቀረችው ጂፕ

አንድ ዳምጤ የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። የሚኖረው ወንዝ ለሁለት በከፈለው ቆላ አገር ሲሆን፣ ከማዶ እህል የሚያመላልስባት አንዲት ጂፕ ነበረችው። ጂፗ ጉልበት አላነሳትም፤ ወንዙን ስትሻገር ግን ሆዷ ከድንጋዩ ጋር እየተጋጨ ታስቸግረው ነበር። ስለዚህ ከፍ ሊያስደርጋት ወስኖ ከተማ ካለ ጋራዥ ወሰዳት።

መካኒኩ ሁለት ዓይነት ሞላ አውጥቶ አሳየው። አንደኛው ጂፗን አራት ጣት ያህል ከፍ ያደርጋታል፤ ለወንዙ ድንጋይ ይበቃል፣ መረገጫዋም ከሰው እግር ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ከትልልቅ ጎማዎች ጋር የሚገጠም ነው፤ በሩን ለመክፈት እንኳ እጅ ወደ ላይ መዘርጋት አለበት። ዳምጤ ሁለቱን እያገላበጠ ቆየ። ያሳሰበው ወንዙ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ቀላል ነበር። እሱ ግን የሚያስበው ማዶ ያሉትን ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ታከለ ማዶ ያለች የሺመቤት የምትባል ልጅ ወዶ፣ ለአባቷ ለአቶ ይግዛው ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን በእግራቸው ሄዱ፣ እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ፣ ቀጠሮ ተቀብለው ተመለሱ። አሁን መልሱን ሊሰሙ ነው። በዚያ አገር ቀጠሮ ከተሰጠ በኋላ እምቢ ከተባለ ሌላ ሽማግሌ አይላክም፤ ታከለ የሺመቤትን ያጣታል ማለት ነው። አቶ ይግዛው ደግሞ ዘረ ብዙ፣ ስመ ጥር ሰው ናቸው። ዳምጤ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት በአጎቱ እጅ ያደገ በመሆኑ፣ ቤቴን ይንቁብኛል የሚል ስጋት እንቅልፍ ነስቶታል።

«ከፍ ያለውን ግጠምልኝ» አለ፤ «ገና ከሩቅ ማን እንደመጣ ይወቁ።»

መካኒኩ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር መውጫው እንደሚያስቸግር ነገረው። ዳምጤ ያልቻለ ይደገፋል ብሎ ሳቀና ነገሩ በዚያው ተቋጨ።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች ገበያው ዳር ተሰበሰቡ። ታላቃቸው አያ ወንድይፍራው ናቸው፤ ዳምጤን እንደ አባት ያሳደጉት አጎቱ። ምርኩዛቸውን ከያዙ ሜዳ ላይ ወጣት ያስከነዳሉ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ልብ መታጠፍ ከተወ ቆይቷል። እንደ ደንቡ ቢሆን የወንዱ አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም። ዳምጤ ግን ለእናንተ ክብር ነው፣ ደግሞም ይቺን መኪና ከእኔ በቀር የሚችላት የለም ብሎ መሪውን ያዘ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አያ ወንድይፍራው እግራቸውን ቢያነሱ መረገጫው አልደረስ አላቸው። ደግመው ሞከሩ። አንዱ ሽማግሌ ከኋላ ቢደግፏቸውም አልሆነም። ዳምጤ የገበያው ሰው ዓይኑን ሲጥልባቸው ጊዜ ቸኮለ፤ ወርዶ አጎቱን ብብታቸው ሥር ያዛቸውና እንደ ማሽላ ጆንያ አንስቶ ወንበሩ ላይ ወረወራቸው ማለት ይቀላል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። እህል የሚጭኑት ሰዎች ሳቁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉት። ዳምጤ ምርቃት መስሎት መኪናውን አስነሳ።

ወንዙን ያለ አንዳች ግጭት ተሻገሩ። ዳምጤ በደስታ ያፏጭ ጀመር። ከአቶ ይግዛው ደጅ ሲደርሱም ጡሩምባውን ነፋ፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወጥቶ አጥሩ ሥር ተሰለፈ። ዳምጤ ከጂፗ ፊት ቆሞ እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ ሰላምታ ይሰጥ ያዘ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደምንም ወረዱ። አያ ወንድይፍራው አንድ ሰው እጁን እስኪሰጣቸው ጥቂት ጠበቁ። ማንም አልመጣም። በአማቾች ፊት እንደ ሕፃን ታቅፎ መውረድም ስላሳፈራቸው፣ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዙረው ብቻቸውን ሊወርዱ ሞከሩ። ጋቢያቸውን በሩ ያዘው። እግራቸው መሬት አጣ፤ ከበሩ ሥር በጉልበታቸው ወደቁ።

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ ቢባል እንኳ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። የዳምጤ ቤት ታላቅ ሽማግሌ ግን፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ የልጅቷ ዘመዶች ሁሉ እያዩ አቧራ ላይ ተንበርክከዋል።

አቶ ይግዛው ራሳቸው ሮጠው መጥተው አነሷቸው፤ ጋቢውንም በእጃቸው አራገፉላቸው። ጂፗን ከላይ እስከ ታች አዩና ዓይናቸውን ወደ ዳምጤ መለሱ።

«አያ፣ ማነው እዚህ ላይ የሰቀለዎት?» አሉ።

ዳምጤ እኔ ነኝ ማለት ነበረበት፤ ቃሉም አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን መልሱን ፈራ፤ የልጁን ጉዳይ ፈራ፤ ከሁሉ በላይ የተሰለፈውን ሰው ዓይን ፈራ። ዝም አለ።

አያ ወንድይፍራው ቀና ብለው አዩትና ጉልበታቸውን እያሻሹ መለሱ። «እኔው ነኝ። ልጄማ በእግር እንሂድ ብሎኝ ነበር፤ መኪና አማረኝ። እርጅና ልጅ ያደርጋል።»

ዳምጤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ከእልፍኙ የሚነገረው ሁሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማዋል። አጎቱ ቆመው ጥያቄውን አቀረቡ። 

አቶ ይግዛው መለሱ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። የሰጠሁት ግን ለእርስዎ ነው፣ አያ። ደጄ ላይ የነገሩኝ እውነት እንዳልሆነ አላጣሁትም። ወድቀው እንኳ የልጅዎን ገበና ሸፈኑ። የእኔም ልጅ ነገ ስታጠፋ እንዲህ የሚሸፍናት ሰው ያለበት ቤት ትግባ ብዬ ነው። ውጭ የቆመውን ሰው ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር።»

እልልታው ቀለጠ። ዳምጤ የተመኘውን ሁሉ አገኘ፤ ልጁ ሚስቱን አገኘ። ግባ እያሉ ጠሩት፤ እግሩ ግን እሺ አላለውም። ከዚያ ትልቅ ጎማ ጀርባ ቆሞ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ያፈረው ስለተሰደበ አልነበረም። አጎቱ ስለ እሱ ሲዋሹ ቆሞ በመስማቱ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዋሹ ሰምቷቸው አያውቅምና።

አጎቱ ሲወጡ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ምን አደረግኸኝና? ልጅ ሰጡን እኮ» አሉና ትከሻውን ይዘው አስነሱት።

ቢቆጡት፣ በምርኩዛቸውም ቢሉት በቀለለው። እሳቸው ግን አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ምርኩዛቸውን አንስተው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር የእግር መንገዱን ያዙ። ጂፗን ዞር ብለውም አላዩዋት። ዳምጤም መኪናውን አማቾቹ ደጅ ትቶ ከኋላቸው ተከተለ። የአቶ ይግዛው ዘመዶች አጥሩ ላይ ሆነው አዩት፤ እሱ ቀና ብሎ አላያቸውም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለአጎቱ ሰጠ። አያ ወንድይፍራው ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ አንገቱን ያዙና ታዘሉ። ውሃው መሐል ላይ ዳምጤ ያለቅስ ነበር፤ እሳቸውም እያወቁ ስለ ዘንድሮው የማሽላ ምርት ያወሩለት ጀመር።

ወንዝ መሻገር ያለበት ሰው ከፍ ማለቱ ነውር የለውም። ከፍታውን ሲመርጥ ግን ከሩቅ የሚያዩትን ሰዎች ብቻ ካሰበ፣ ከጎኑ የሚሳፈረውን ይጥላል። የውድቀቱንም ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት ያሳደጉን፣ ያስተማሩን፣ ስማችንን ያቆሙልን ሰዎች ናቸው። ወድቀውም እንኳ እኛን አይከሱም፤ ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ፤ እኛም ነገሩ እንዳይበላሽብን ዝም እንላለን።

እስቲ አንድ ጊዜ አስቡት። የእናንተን ጥፋት በራሱ ላይ ወስዶ፣ በሰው ፊት አንገቱን የደፋላችሁ ማነው? በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ሄዳችሁ «እኔ ነበርኩ» ትሉት ይሆን?