የዋንዛዋ ጊታር

አንድ ዘርጋው የሚባል አናጺ ነበር። በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ኋላ መጋዝ ሁለት ጣቶቹን ወሰደበትና እንጀራው በርና አልጋ መሥራት ብቻ ሆነ። አምሮቱ ግን አልወጣለትም። በገዛ እጁ የሠራው የኤሌክትሪክ ጊታር በሰው እጅ ሲዘፍን ሳይሰማ መሞት አልፈለገም።

ስለዚህ ሰው የጣለውን ይለቅም ጀመር። የጊታሯን ገላ ከፈረሰው የአባቱ ቤት ከተረፈ የዋንዛ በር ጠረበ። አንገቷን ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ከምናለሽ ተራ፣ ካገኘው ስብርባሪ ጊታር ወሰደ። ከተቃጠለ ስፒከር ማግኔት፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ፈታ፤ የክሯን ድምፅ እንዲይዝለት ሽቦውን በማግኔቱ ዙሪያ በቀሩት ጣቶቹ ሲጠመጥም ከረመ። ስታልቅ ከጎረቤት በተዋሰው ማጉያ ሞከራት። ድምፅዋ አንጀት ይበላል።

በከተማው ስሙ ወደ ገነነው ጊታር ተጫዋች፣ ወደ ምናሴ ይዟት ሄደ።

«የማን ሥራ ናት?» አለ ምናሴ።

«የእኔ።»

«ጋሽ ዘርጋው፣ አትቀየመኝና እኔ ቁም ሳጥን አንግቼ መድረክ አልወጣም» ብሎ ሳቀ። ክሯን እንኳ ሳይነካ መለሰለት።

ዘርጋው እርር ብሎ ገባ፤ ከዚያም ተንኮል አሰበ። ጊታሯን ጥቁር ቀለም ቀባት። አናቷ ላይ በወርቃማ ቀለም፣ በፈረንጅ ፊደል፣ ከራሱ የፈጠረውን ትርጉም የለሽ ስም ጻፈባት። «ከውጭ የመጣች ናት በል» ብሎ በደላላ እጅ ሰደዳት። ምናሴ ሳያንገራግር ገዛት። አንድ ዜማ እንደ ተጫወተባት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «እንዲህ ያለ እንጨት እኛ አገር አይበቅልም» አለ።

ምናሴ በሚጫወትበት ሆቴል፣ ዘርጋው ጥግ ቆሞ ሲሰማ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። «ይልመዳት፣ ይውደዳት፤ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ» ይል ነበር በልቡ። ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ሄደ።

አንድ የበዓል ቀን፣ ዜማው መሃል ጊታሯ ድምፅዋ ጥፍት አለ። ዘርጋው ሰዉን እየገፋ መድረኩ ሥር ደረሰ።

«ስጠኝ፤ ውስጥ ያለችው ሽቦ ተነቅላ ነው። የሠራኋት እኔ ነኝ» አለ። አዳራሹ ሳቀበት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም» አለ ምናሴ።

«የአባቴ በር ነው። ክፈታትና እይ።»

«የውጭ ዕቃ ያለ ባለሙያው አይከፈትም። ይልቅ የተጻፈውን አንብብ።»

ዘርጋው ቀና ብሎ አነበበ። የገዛ እጅ ጽሕፈቱ ነው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ቢል አታላይነቱን በሰው ፊት መመስከሩ ነው። አፉን ይዞ ወጣ።

ከውጭ ይመጣል የተባለው ባለሙያ ውሃ በላው። ምናሴም ጊታሯን ለመታሰቢያ ሊያስቀምጣት ፈለገና፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን እንዲሠራላት ዘርጋውን አስጠራው።

«የከበረች ዕቃ ናትና አሳምረህ ሥራው። ሳጥኑ ላይ ከፈለግህ ስምህን ጻፍበት» አለው።

ዘርጋው አሳምሮ ሠራው። ስሙን ግን አልጻፈም። ጊታሯን በገዛ እጁ ከትቶ ቆለፈባት። የጎደላት አንዲት የብየዳ ጠብታ ብቻ ነበረች።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ምናሴ ከጆሮው ይልቅ ፊደሉን አመነ፤ ያሳዝናል። ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን ወርቅነቱን እያወቀ በሰው ስም የሸጠው ሰው ነገር ነው። እንዲወደድልን ብለን የካድነው ሥራ፣ የእኛ ነው ባልን ቀን መልሶ ይክደናል። እስቲ እጃችሁ የሠራውን ገልብጣችሁ እዩት፤ የማን ስም ተጽፎበታል?