ጉንዶ ማር ይዞ የቆመው ልጅ

ይችን ተረት ዘመድ ያለው ወረፋ አይጠብቅም ለማለት የሚጠቅሷት ሰዎች አሉ። ባለፈው ወር ቀበሌ ሄጄ አንዱ ጎረምሳ ቀድሞኝ ሲገባ በሷው ተረተብኝ፤ ለካ ጸሐፊዋ የአክስቱ ልጅ ኖራለች። ደሜ ፈላ። ተረት እኮ ወላጅ አለው! መነሻዋን ሳያውቁ በየቢሮው ማንገላታት ነውር ነው። እኔ የሰማኋት ከአባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ነገሩን በዐይናቸው ካዩት ቄስ፣ ከመምሬ ክንፈ የልጅ ልጅ። እንግዲህ አታቋርጡኝና ልንገራችሁ።

ድሮ በተጉለት ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። ሁሉ ሞልቶላቸው ልጅ ብቻ አልወጣላቸውም። ሚስታቸውም ቀድመዋቸው ሞተዋል። የቀረ የቅርብ ዘመዳቸው የወንድማቸው ልጅ ዘገዬ ነው፤ እሱም አጎቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ዐይኑ ከሰውዬው ይልቅ መሬቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከቤቱ ሎሌዎች አንዱ ጉልላት ይባላል። በቅሎ ጫኝ ነው። እናት አባቱን በተስቦ ያጣ፣ ዘርህ ማነው ሲሉት እንኳ አጥርቶ የማይመልስ የሠላሳ ዓመት ሰው። ታዲያ አንድ ቀን ባላምባራስ ንስሐ አባታቸውን መምሬ ክንፈንና የአገሩን ሽማግሎች ጠርተው «ጉልላትን የጡት ልጅ ላደርገው ነው» አሉ። እንዴ! አገር ጉድ አለ። ከውሃ አላወጣቸው፣ ከጠላት አላስጣላቸው! ራሱ ጉልላትም ግራ ገብቶት «ጌታዬ፣ ምን ሠርቼ?» አለ።

«ምንም አልሠራህም። ወድጄህ ነው። ልጄ ነህ ስልህ ታምነኛለህ?»

«እርስዎ ካሉ አምናለሁ።»

«እንግዲያው አፍህን ክፈት።»

በዚያ ዘመን የጡት ልጅ የሚሆን ሰው እንደ ሕፃን ደረት አይጠባም። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፤ ጡት ማለት እሱ ነው። ጉልላትም በሽማግሎቹ ፊት ተንበርክኮ ማሩን ጠባ። ባላምባራስ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ፤ ከአብራኬ ከወጣ ብለይህ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ» ብለው ማሉ። መምሬ መስቀል አሳልመው አጸኑት። አለቀ።

አለቀ አልኩ እንጂ ለጉልላትስ አላለቀለትም። ሚስት አግብቶ ከወንዙ ማዶ ጎጆ ወጥቶ ነበርና፣ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ቀን ሙክት፣ አንድ ቀን ቅቤ፣ ሲያጣ ሲያጣ እንቁላል ይዞ ይመጣና ከባለጉዳዮቹ ጋር ኩታውን አደግድጎ ከበሩ ይቆማል። አጋፋሪው ሽብሩ፣ መጪውን ሁሉ ለጌታው የሚያስነግረው ማለት ነው፣ «ማን መጣ ልበል?» ይለዋል። «ጉልላት በሉልኝ» ይላል። ከዚያ እስኪጠራ ድረስ ፀሐይ ላይ ነው።

ባላምባራስ ይበሽቃሉ። «ምነው ልጄ? ምን ጉዳይ ኖሮህ ነው ደጄ ላይ የምትገተረው? እስቲ አባባ በለኝ!»

«እሺ ጌታዬ።»

ትሑት ነው ትላላችሁ። እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማ እንደዚያ ነበር ያልኩት። አባቴ ግን «የምን ትሕትና! አለማመን ነው እንጂ» አለኝ። ሰውዬው የተሰጠውን አላምን ብሎ፣ በነጻ ያገኘውን በሙክትና በቅቤ ሊገዛው ይለፋ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ባላምባራስ ታመሙ፤ ጠናባቸው። ሊናዘዙ ፈለጉና መምሬ ክንፈና ሽማግሎቹ አንድ ማለዳ ተሰበሰቡ። ዘገዬ ከራስጌያቸው ተቀምጧል። በሽተኛው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ መጣ ወይ?»

«የምን ልጅ?» አለ ዘገዬ። «ሽማግሎች፣ እናንተው ፍረዱ። እስቲ አጋፋሪውን ጠይቁልኝ።»

ሽብሩ ተጠራ።

«ጉልላት ሲመጣ እንዴት ነው የሚገባው?» አሉት።

«እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ነው፤ እኔ አስነግሬለት።»

«ሳታስነግርለት የገባበት ቀን የለም?»

«መዋሸት አልችልም፣ አንድም ቀን የለም። ዛሬም ይኸው ከማለዳ ጀምሮ ከበሩ ቆሟል። ባለጉዳይ እንዳታስነግር ብለው አቶ ዘገዬ ስላዘዙኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሰማችሁ?» አለ ዘገዬ። «አባቱ እየሞተ ከበር የሚቆም ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሱ ያላመነበትን ልጅነት እናንተ ልታጸኑለት ነው? ሎሌ ነበረ፤ ዛሬም ሎሌ ነው።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ እውነት አለው። ተማክረው ሲያበቁ ከመካከላቸው ትልቁ እንዲህ ብለው ፈረዱ፤ «እንግዲያው ማንም ግባ አይበለው። ልጅ ከሆነ ራሱ ይገባል፤ ቀትር እስኪሆን ካልገባ ባለጉዳይ ነውና ኑዛዜው ለዘገዬ ይሁን።»

ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ልጃቸውን ያውቁታላ! ያስለቀሳቸው መሬቱ አይደለም፤ ልጅ እያለኝ ሳልመርቅ ልሞት ነው ብለው ነው።

መምሬ ክንፈ ብድግ ብለው ወጡ። ጉልላት አንድ ጉንዶ ማር ተሸክሞ ከባለጉዳዮቹ መካከል ቆሟል። ላቡ ይንቆረቆራል። ግባ እንዳይሉት ተከልክለዋል፤ መጠየቅን ግን የከለከለ የለም።

«ምንድነው የያዝከው?»

«ማር ነው አባ። ዘንድሮ ከቆረጥኩት ምርጡን ነው ያመጣሁት። ይበቃ ይሆን?»

«ለምኑ?»

«ለመግባት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

መምሬ ንድድ አሉ። «አንተ ሰው! ያን ቀን ማሩን ያመጣው ማነው?»

«እሳቸው።»

«ጣቱስ የማን ነበር?»

«የሳቸው።»

«የማለውስ?»

«እሳቸው ናቸው አባ።»

«አንተስ? አንተ ምን አመጣህ?»

ጉልላት ቢያስብ ቢያስብ አጣ። «እኔማ… አፌን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

«በል እንግዲህ! እኛስ የእግዚአብሔር ልጆች የተባልነው ሙክት ነድተንለት ይመስልሃል? እሱ ወደደን፣ ልጆቼ ናችሁ አለን፤ አምነን ተቀበልን። ሌላ ምን አደረግን? እሱ የማለውን መሐላ እኛ በቅቤ ልናጸናው ነው?»

ከውስጥ የባላምባራስ ሳል ተሰማ፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ ሳል። ያን ጊዜ ጉልላት ጉንዶውን ከመሬት አስቀመጠና ወደ ቤቱ አመራ። ባለጉዳዮቹ «ኧረ ወረፋህ!» አሉት፤ አልሰማቸውም። ከመግቢያው ላይ ሽብሩ በትሩን አግድሞ «ማን መጣ ልበል?» አለው እንደ ልማዱ።

«ምንም አትበል። አባባ ታሞብኛል» አለና በትሩን ገፍቶ አለፈ።

ዘገዬ ሲያየው ዘሎ ተነሣ። «ማን አስገባህ?» ብሎ ጮኸ። ጉልላት ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ «አባባ፣ መጣሁ» አለ። ባላምባራስ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «መጣህ ልጄ?» አሉና ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ መረቁት። ሽማግሎቹ ሁሉ ብድግ ብለው «አሜን» አሉ።

ምስኪኑ ሽብሩ እያለከለከ ደረሰ። «ጌቶቼ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ሳላስነግርለት ነው ጥሶኝ የገባው!» እያለ መሬት ላይ ወደቀ። መምሬ ክንፈ ከኋላው ገብተው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ተወው ሽብሩ፤ ጡት የጠባ ደጅ አይጠና» አሉት።