የአራሷ መጋረጃ

በአንድ ወቅት፣ ብዙ ቤት አንድ ግቢ በሚጋራባት ከተማ፣ የሺመቤት የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውም ማንደጃውም የእንግዳ መቀመጫውም እዚያው። ባሏ ቢራራ ከገበያ ገበያ እህል ስለሚያመላልስ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነበር። እናቷ ሞተዋል። በዚያ አገር ዘመድ የላትም። ያሏት ደምስ የሚባል ገና መናገር የጀመረ ልጅና አሁን የወለደቻት ሴት ልጅ ናቸው።

የሺመቤትን እንቅልፍ የሚነሳት አንድ ሐሳብ ነበር። እኔ አንድ ነገር ብሆን እነዚህን ልጆች ማን ያነሳልኛል ትላለች። ስለዚህ ለልጇ የክርስትና እናት ስትፈልግ ለወጉ ብላ አልነበረም። የክርስትና እናት ማለት እናት ስትጎድል በእናት ቦታ የምትቆም ናት። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲሞላት አንዲት ሴት ታቅፋት ትቆማለች፤ እሷም አንዲት ብቻ ናት።

አራስ ለሰው ዓይን ተጋልጣ አትተኛም። ቢራራ መንገድ ከመውጣቱ በፊት አልጋው ፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ብረት አጋድሞ፣ ጨርቅና መንጠቆ ገዝቶ ሰጣት። መንጠቆውን የሰካችው ራሷ ናት። ከአንዱ ጫፍ ጀምራ በስንዝር እየለካች ሄደች፤ ጨርቁ አለቀና መንጠቆው ተረፈ። የተረፈውን ምን ላድርገው ብላ ሁሉንም ጫፉ ላይ ደረደረችው። ሲሰቀል አንዱ ጎኑ እንደ ጎመን እስር ተኮማተረ፣ መሀሉ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንጠለጠለ። የሺመቤት አይታው አለቀሰች። አራስ ሆደ ባሻ ናት፤ መጋረጃም ያስለቅሳታል።

መጀመሪያ ያዩት ለጥየቃ የመጡት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፤ በግቢው ውስጥ በዕድሜ የሚበልጧቸው የለም። ሳይቀመጡ መጋረጃውን አወረዱና አልጋው ላይ ዘርግተው መንጠቆውን ሁሉ ነቀሉት። በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ሰኩ። ጨርቁን ለሁለት አጠፉና እጥፋቱ ላይ አንድ ሰኩ። እያንዳንዱን ግማሽ ደግሞ ለሁለት አጠፉ። እንዲህ እያጠፉ፣ ስንዝርም ሳያነሡ፣ መንጠቆውና ጨርቁ እኩል አለቀላቸው። ሲሰቀል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደረሰ፤ ብርሃን የሚሾልክበት እንኳ አልነበረም።

«መንጠቆ ሸክሙን እኩል ሲካፈል ነው የሚከርመው» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ስንዱ መጣች። ስንዱ ጉልት የምትቸረችር፣ ብዙ ልጅ ያሳደገች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ወዲያው ፊቷን አጠቆረች።

«ሕፃን እኮ ናት፣ ሻንጣ አይደለችም። ምን እንዲህ ቆለፋችኋት?»

ውስጡ እንደሚያፍን ተናገረች። ደምስ ከመጋረጃው ወዲያ ብቻውን ተቀምጦ እንደሚነጫነጭ፣ እናቱም ምን እንደሚሠራ እንደማታይ ተናገረች። ፈቃድም አልጠየቀች፤ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ያለውን የመጨረሻ መንጠቆ ነቅላ ወደ ውስጥ አስጠግታ ሰካችው። በግድግዳውና በጨርቁ መካከል መዳፍ የምታስገባ ክፍተት ተከፈተች። አየርም ይገባል፣ አንቺም ልጅሽን ታያለሽ አለቻት። ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ባዩ ዕለት የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩት ሄዱ።

ሦስተኛዋ ዘርትሁን ናት፣ የየሺመቤት እኩያ። የሺመቤት ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ይዛ በሌላው መጋረጃውን ስትጎትት፣ መንጠቆው ብረቱን እየነከሰ እምቢ ሲላት አየች። ሄዳ ከወንድሟ ጋራዥ የብረት ቀለበት ለምና አመጣች። ቀለበቱን ብረቱ ላይ አስገብታ እያንዳንዱን መንጠቆ በየቀለበቱ አንጠለጠለች። መጋረጃው በአንድ ጣት የሚሄድ ሆነ። ታዲያ በነኩት ቁጥር ይንቃጨላል፤ በተንቃጨለ ቁጥር ሕፃኗ ትነቃለች። የሺመቤት ቀለበቱን ላውጣው አላውጣው እያለች፣ ጓደኛዬ ትቀየመኛለች ብላ ጥርሷን ነክሳ ተወችው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሺመቤት የገንፎ ውሃ ጣደች። ማንደጃው ያለው በዚያችው ክፍተት በኩል፣ ግድግዳው ሥር ነው። ደምስ ደጅ አፈር ይዝቃል። ውሃው እስኪፈላ ላጥባት ብላ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጣላት።

ደምስ ገባ። እናቱን ፈለገ። በርጩማ ጎትቶ ወጣና በማንደጃው ላይ ተንጠራርቶ በክፍተቷ ሊያያት ሲል በርጩማው ከዳው። መጋረጃውን በሁለት እጁ ጨመደደ፤ ከፈላው ውሃ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቀለበቶቹ ተንቃጨሉ፤ የሺመቤት ነቃች። እንደ ልማዷ መጋረጃውን ልትስብ እጇን ዘረጋች። ስባው ቢሆን ልጁ ድስቱ ውስጥ ነበር። ግን በክፍተቷ የደምስ እግር በእንፋሎቱ ላይ ሲወዛወዝ አየችና እጇን ሰበሰበች። ያኔ በግድግዳው በኩል ያለው መንጠቆ ተፈልቅቆ ወጣ፤ ጨርቁ ዝቅ አለ። ቀጣዩ መንጠቆ ግን ያዘ። የሱም ጎረቤት ያዘ። እሷ መንጠቆው በለቀቀው በኩል በግድግዳው ጥግ ሾልካ ልጁን በብብቱ መነጨቀችው። ተረከዙን እንፋሎት ገረፍ ከማድረጉ በቀር ምንም አልሆነም።

ጩኸቷን ሰምቶ ግቢው ተሰበሰበ። ልጁ እንደተረፈ ሲታወቅ፣ እንዴት ተረፈ የሚለው ወሬ ተነሣ፤ ወሬውም ጭቅጭቅ ሆነ። የክርስትናው ቀን መቅረቡን ሁሉም ያውቃል፤ ሦስቱም ሴቶች ሕፃኗን ማቀፍ ይፈልጋሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ መጋረጃውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ልጁን የተሸከሙት እኔ የሰካኋቸው ናቸው። የተፈለቀቀው አንቺ የነካካሽው ነው፣ ስንዱ» አሉ።

«ያየችውስ በነካካሁት በኩል አይደል እንዴ? እርስዎ ባሉት ቢቀር ኖሮ፣ ጨርቁን ስባ በገዛ እጇ ድስቱ ውስጥ ትከተው ነበር።»

«ተኝታ በምን ታየው ነበር?» አለች ዘርትሁን። «በእንቅልፍ ልቧ?»

ከዚያ ወዲያ መወቃቀስ መጣ። ዘርትሁን ልጁን ወደ ማንደጃው የጠራችው የስንዱ ክፍተት ናት አለች። ስንዱ ደግሞ፣ እናቱን በጨርቅ ግድግዳ ባይከልሉበት ምን በርጩማ ላይ አወጣው ብላ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረች። ወይዘሮ ደብሪቱም ዘርትሁንን፣ ያ ቃጭልሽ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይነሳት አራሷ ረፋድ ላይ ድስት ጥዳ ትተኛ ነበር ወይ አሏት። ሁሉም እውነት ነው። የሺመቤት ደምስን እጉያዋ አድርጋ ትሰማለች፤ ድስቱን የጣደችውም የተኛችውም እሷ ናትና ማንን ትወቅሳለች?

ቢራራ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። እሱም፣ «ልጁን ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ አበልጃችንንም አንቺው ምረጪ» አላት።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ገና ጎህ ሲቀድ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ደጇ ላይ ቆሙ። አንዷም ለሌላዋ መንገድ አልለቀቀችም። የሺመቤት ሕፃኗን ጠቅልላ ወጣች፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዷ ልጁ እንዳይወድቅ ያዘች፣ አንዷ እናቱ እንድታየው አደረገች፣ አንዷ ከእንቅልፏ ቀሰቀሰቻት። አንድ ቀን የሺመቤት ባትኖር እነዚህ ልጆች የሚቀሩት በምትመርጣት ሴት እጅ ነው። ሕፃኗን ለማን ትስጣት?