በያጁ «ቁም» ያለ ዕለት

አንድ ሰው ነበረ፤ ከገደል አፋፍ ላይ ሮጦ በክንፍ የሚበር።

አትሳቂ ትርሲት፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ የብሎካችን ግሩፕ ላይ የሚነዘንዘኝን የአራተኛ ፎቅ ሰውዬ ትናንት አስወጣሁት። ግማሹ ነዋሪ አኮረፈኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?» ነው ያልሽኝ። አጥፍተሻል ወይም አላጠፋሽም ብዬ ብመልስልሽ ወገን ያዝክ ትይኛለሽ። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ልንገርሽ፤ እግሬ ሳይከዳኝ በፊት እኔም ከእነዚያ በራሪዎች አንዱ ነበርኩ።

ሰውየው ባለ መድኃኒት ቤት ነው። የመጀመሪያውን ክንፍ ወደ አካባቢያችን ያመጣው እሱ ነው። ክንፍ ስልሽ በቱቦ ተዋቅሮ ሸራ የተወጠረበት፣ ሰው ከሥሩ ተንጠልጥሎ የሚበርበት ነገር ነው። በራሪው መታጠቂያ ይታጠቅና በመንጠቆ ከክንፉ ጋር ያያይዘዋል። መንጠቆው ከተያያዘ ክንፉ ይሸከመዋል። ካልተያያዘ ሰውየው ገደሉን ሲለቅ በእጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም።

ደግ ሰው ነበር። ስናርፍ ተንከባልለን ጉልበታችን ሲላጥ ከቦርሳው ፋሻ አውጥቶ የሚያስርልን እሱ ነው። አንድ ሕግም አስተማረን። በአፋፉ ላይ ማንም ሰው «ቁም» ካለ የሚሮጠው ሰው ይቆማል። ማን አለ፣ ለምን አለ የለም፤ መጀመሪያ ይቆማል፣ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። ትናንት የመጣ ጀማሪ አለቃውን ሊያስቆም ይችላል፤ ለማየት የመጣ መንገደኛም ቢሆን ይችላል።

እየበዛን ስንሄድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተልንና አለቃችን አደረግነው። ለአንድ ዓመት ነበር የተባለው፤ አንዱ ዓመት ሦስት ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ እሱ እንኳ ከሹመቱ የሚበላው ነገር አልነበረውም። በእጁ ያሳደገውን ነገር ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው የጨነቀው።

ከመሀላችን አንድ በያጅ ነበር። የተጣመመ ቱቦ የሚያቃናልን እሱ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን እሬት። ይሄ በያጅ ግሩፑ ላይ በተለጠፈ ነገር ሁሉ ሥር «ምርጫው መቼ ነው?» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ከደመና በላይ የተነሣውን ፎቶ ይለጥፋል፤ ምርጫው መቼ ነው? ሌላው የሠርግ ጥሪ ይልካል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ምርጫው መቼ ነው? በዚያ ላይ ይሳደባል። አንድ ጀማሪ ያረፈበትን ቪዲዮ ቢልክ «ይሄ ማረፍ ነው ወይስ ጆንያ መጣል?» ብሎ ልጁን ለወር ያህል ከሜዳ አስቀረው።

አለቃው ስድቡን ሰረዘ፤ ደግ አደረገ። ስድብን ከሰው ፊት ማንሣት የአለቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ስድቡም ጥያቄውም የሚወጡት ከአንድ አፍ ስለሆነ እያደር ሁለቱን መለየት አቃተው። ጥያቄውንም ይሰርዝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቀን በያጁን ከነስሙ ሪሙቭ አደረገው።

ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ተከትሎት ወጣና «እውነተኛው የበራሪዎች ግሩፕ» የሚል ሌላ ግሩፕ ከፈተ። እኛ የቀረነው እንግዲህ ሐሰተኞቹ ሆንን ማለት ነው። ግሩፑ ሁለት ይሁን እንጂ ገደሉ ያው አንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ አፋፍ ላይ ጀርባ እየተሰጣጣን እንቆም ጀመር። አለቃውም ብሶበት «ከግሩፑ የወጣ ሰው በአፋፉ ላይም አስተያየት አይሰጥም» የሚል ማስታወቂያ አወጣ፤ ከሥሩም «ዝምታ ወርቅ ነው» ብሎ ጨመረበት። እኛ ላይክ አደረግን። እኔም አድርጌያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ነፋሱ ልክ ሆነ። አለቃው ታጠቀ፣ መንጠቆውን አያያዘ፤ እኔ የክንፉን አፍንጫ ይዤለት ከሥሩ ተንጠልጥሎ ሞከረና መንጠቆው በደንብ ያዘው። ሊነሣ ሲል ስልኩ ጮኸ። የዚያኛው ግሩፕ የራሱን አለቃ መምረጡን አንድ ወሬኛ ልኮለት ነው። ደሙ ፈላ። ስልኩን ከሱሪው ኪስ ለማውጣት መንጠቆውን ፈታ፣ ከክንፉ ሥር ወጣ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ረጅም መልስ ጻፈ። ጽፎም አልበረደለትም። በዚያው ንዴት ተመልሶ ክንፉን ትከሻው ላይ አነሣ። መንጠቆውን ሞክሬዋለሁ ብሎ አስቧል። እውነቱን ነው፤ የሞከረው ግን መልሱን ከመጻፉ በፊት ነው። ስንት በራሪ «ቅድም አድርጌዋለሁ» እያለ ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ከክንፉ ጋር ያልተያያዘው የመታጠቂያው ማሰሪያ ከኋላው ሲወዛወዝ አይቻለሁ። ያየሁ መሰለኝ ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይቻለሁ። «ቁም» ልል አፌን ከፈትኩ። ተሳስቼ ቢሆንስ አልኩ። አንተም የእነሱ ወገን ነህ ቢለኝስ አልኩ። የሰው ቃል ሲሰረዝ እያየ የከረመ አፍ እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም፤ ዘጋሁት።

አለቃው መሮጥ ጀመረ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ከወዲያኛው ወገን «ቁም!» የሚል ድምፅ አስተጋባ። የበያጁ ድምፅ ነው፤ ማንም አይስተውም።

አለቃው በኋላ እንዳጫወተኝ በዚያች ቅጽበት ያላሰበው ነገር የለም። ይሄ ሰው ሊያዋርደኝ ነው። ብቆም፣ ሁሉ እያየ ባባረርኩት ሰው ትእዛዝ ቆምኩ ማለት ነው። ደግሞስ አስተያየት አይሰጥም ተብሎ የለም ወይ? አፋፉ ላይ ለመድረስ ሰባት እርምጃ ቢቀረው ነው። ልቡ ሩጥ አለው። እግሩ ግን ቆመ። አሥር ዓመት ሙሉ «ቁም» ሲባል መቆም የለመደ እግር ነው፤ ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ክንፉን መሬት ላይ ጣለና «ዛሬስ አልለቅህም!» እያለ ወደ በያጁ ገሰገሰ። አራት እርምጃ ሄደ። አምስተኛው ላይ ደርቆ ቀረ። ከክንፉ ጋር የተያያዘ ሰው ክንፉን ጥሎ መራመድ አይችልም፤ እሱ ግን እየተራመደ ነው። ዞሮ ክንፉን አየ። ጎንበስ ብሎ ባዶውን መንጠቆ አየ። እዚያው ቁጭ አለ። «ልጆቼ» አለ፤ ቤት ያሉትን ማለቱ ነው።

በያጁ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለና የራሱን ውኃ አጠጣው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለው አለቃው፣ እንባው እየወረደ።

«አብሮ ይስጠን» አለ በያጁ። የውኃውን ክዳን ዘጋና «ምርጫው መቼ ነው?» አለው።

ከወራት ኩርፊያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ወገን አብሮ ሳቀ። አለቃው እያለቀሰ ሳቀ። እኔ ግን ከሰው ተለይቼ ሄጄ ከድንጋይ ጀርባ ተንሰቀሰቅኩ።

አለቃው እዚያው ስልኩን አውጥቶ ግሩፑ ላይ «ዛሬ ሕይወቴን ያተረፈልኝ እኔ ያስወጣሁት ሰው ነው። ማስታወቂያዬን ሽሬዋለሁ። ምርጫው የሚመጣው ቅዳሜ ነው» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ሲደርስም ተወዳደረና ወደቀ፤ አንድ ዝምተኛ ቀያሽ አሸነፈው። ሳምንት ያህል አኮረፈ። ምስጋናው እውነት ነበር፣ ኩርፊያውም እውነት ነበር፤ ሰው ነዋ። በያጁም ተወዳድሮ ሦስት ድምፅ አገኘ፤ አንዱ የራሱ ነው። ግሩፑን የመጠበቁን ሥራ ግን አዲሱ አለቃ ለቀድሞው አለቃ ተወለት። አሁንም ስድብ ሲያይ ይሰርዛል፤ ለምን እንደሰረዘ ግን ለባለቤቱ ይነግረዋል። በያጁ በዚህ ተናዶ ሁለት ጊዜ በገዛ እጁ ወጥቷል፤ ሁለቴም ተመልሷል።

«ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የኖርኩት ሁሉ ምራቂ ነው» ይለኛል ባለ መድኃኒት ቤቱ፤ ባለ ሱቅ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ ጣል እንደሚያደርግልሽ ማለቱ ነው። ሴት ልጁን ሲድር በያጁን ከአጎቶቿ በላይ አስቀመጠው። በያጁም ቀና ብሎ የድንኳኑን ብረት ካየ በኋላ «ይሄንን ማን ነው የበየደው?» ብሎ ሙሽሮቹን አሳቀ። እሱ ሕይወቱን አገኘ፤ እኔ ደግሞ እንቅልፌን አገኘሁ። ያን ዕለት ቢወድቅ ኖሮ ዝምታዬን ተሸክሜ የት እደርስ ነበር? ያን ባለ እሬት አፍ ባስታወስኩት ቁጥር እመርቀዋለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ አለቃው አንቺ ነሽ፤ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ በያጁ ነው። «ሌባ» ብሎሻል አሉ፤ ያንን ሰርዢው፣ ለምን እንደሰረዝሽም ንገሪው። ሦስት ወር ሙሉ ግን «የጣሪያው ታንከር ክዳኑ ተሰብሯል፣ ልጆች የሚጠጡት ውኃ ነው» እያለ ሲጽፍ ነበር። እሱ «ቁሚ» ማለቱ ነበር። ቆመሽ አየሽው? ተሳስቶ ቢሆን የምታጪው የአንድ ጠዋት ጊዜ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እንደ እኔ ያለው ጎረቤትሽ ነው። አንዱን ስታስወጪ ስንቱ ሰው አፉን እንደዘጋ አታውቂም፤ ስማቸው ግሩፑ ላይ አለ፣ ቃላቸው ግን የለም። ስለዚህ ሰውየውን መልሺው። እውነቱን ሆኖ ካገኘሽው በጓዳ አታመስግኚው፤ ስታስወጪው ሁሉ ሰው አይቷል፣ ስታመሰግኚውም ሁሉ ሰው ይይ። በይ ተነሺ፤ ከሁሉ በፊት ጣሪያው ላይ እንውጣ። መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።