ሰዓዳን ያደረሱ ሦስት ሰዎች

በአንድ ወቅት፣ ከቆላው ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ ገና ጠጠር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ትተውላቸዋል። ልጃቸው እንድሪስ እህልና ፍየል እየጫነባት እናቱንም የራሱንም ልጆች ያስተዳድር ነበር። ራዲያተሯ ያፈስሳል፣ ጎማዎቿ ተልጠዋል፣ ፍሬኗ ደጋግሞ ካልተረገጠ አይዝም። እንድሪስ «ከመኸር በኋላ አሠራታለሁ» ይላል፤ መኸር መጥቶ ይሄዳል። እንዲህም ሆና በዚያ መንደር ከእሷ ሌላ መኪና አልነበረም።

የእንድሪስ ታናሽ እህት ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናባት። አዋላጇ በመጨረሻ ከጓዳ ወጥታ፣ «ልጁ ተጋድሟል፤ ይሄ የኔ አቅም አይደለም። ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም ታጣላችሁ» አለች።

ሆስፒታሉ ያለው ሜዳውን አቋርጦ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ በማዶ በኩል ሲወረድ በምትገኘው ከተማ ነው። በማለዳ ከፒክአፗ ኋላ ፍራሽ አነጠፉና ሰዓዳን አስተኟት። ወይዘሮ ዘነቡ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። እንድሪስ መሪውን ያዘ። የሰዓዳ ባል ኑርዬ ጋቢና ከጎኑ ገባ። ኑርዬ ልብስ ሰፊ ነው፤ መንዳት የሚያውቀው እንድሪስ ሜዳ ላይ ያስተማረውን ያህል ብቻ ነው፣ ተራራ ነድቶ አያውቅም።

ሜዳው መሀል ሲደርሱ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ጀመር። እንድሪስ አቆመ። ውሃ በጀሪካን ይዘዋል፤ ነገር ግን የፈላ ራዲያተር ሳይበርድ እንደማይከፈት እንድሪስ ጠንቅቆ ያውቃል።

«ምን ያህል እንጠብቅ?» አለ ኑርዬ።

«አንድ ሰዓት ይፈልጋል።»

ያን ጊዜ ሰዓዳ መጮኋን አቆመች። ዝምታዋ ከጩኸቷ ባሰ። እናትየው የጋቢናውን መስተዋት በመዳፋቸው ደበደቡ። «እንድሪስ! ደም ነው! ፍራሹ ደም ሆነ!»

እንድሪስ ሸሚዙን አውልቆ እጁ ላይ ጠቀለለ።

«ተው እንጂ! ትቃጠላለህ!» አለው ኑርዬ።

«ዞር በል» አለና የራዲያተሩን ክዳን ጠመዘዘው።

የፈላው ውሃ ተስፈንጥሮ ፊቱን መታው። እንድሪስ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። እዚያው እንደተኛ፣ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ ጭኖ፣ «ሞተሩን አስነሳና ውሃውን ቀስ እያልክ ጨምር! በአንዴ አታፍስ!» እያለ ይጮህ ነበር። ኑርዬ እንደተባለው አደረገ። እንድሪስን ደግፎ ጋቢና አስገባውና መሪውን ራሱ ያዘ። የእንድሪስ ዓይኖች አብጠው ተዘግተዋል። ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላዩም።

የተራራው ግርጌ ሲደርሱ የፊት ጎማ ፈነዳ። መለወጫ የሚሆን ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ እሱም ቀደም ብሎ ተቀዶ ቤት ቀርቷል። ኑርዬ ወርዶ የተዘለዘለውን ጎማ አየና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቀና ሲል ከግራር ሥር የቆመች ሌላ ፒክአፕ አየ፤ የእነሱው ዓይነት ናት፣ ጆንያ ተጭናለች። አንድ ሰው ከጎኗ ቆሟል።

ሰውየው ገዛኸኝ ይባላል። የሰው መኪና ነጂ ነው። ወደ ቆላ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶበት፣ መለዋወጫው ከከተማ በአውቶቡስ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነበር። ኑርዬ እየሮጠ ሄዶ፣ «ወንድሜ፣ ባለቤቴ እየሞተችብኝ ነው። አንድ ጎማ ስጠኝ፤ ከተማ እንደገባሁ ዛሬውኑ እልክልሃለሁ» አለው።

ገዛኸኝ እጁን ወደ ቆላው ዘረጋ። «እኔም አባቴ እየሞተ ነው» አለ። «ቆላ ነው ያለው። ያለ ፈቃዱ አግብቼ ረግሞኝ ነበር፣ ዓይንህን አልይ ብሎኝ። አሁን ሊሞት ሲል፣ ‹ልጄን ጥሩልኝ፣ እርግማኔን ላንሳለት› ብሎ ላከብኝ። ዕቃው ቀትር ላይ ይደርሳል። ትርፍ ጎማ የለኝም፤ ከእግሯ ፈትቼ ከሰጠሁህ ምን ላይ ሆኜ ልሂድ?»

ገዛኸኝ ወደ እነሱ መኪና ሄዶ ኋላ የተኛችውን ተመለከተ። ሰዓዳ ከንፈሯ ነጥቷል። ወይዘሮ ዘነቡ የተባባሉትን ከመኪናው ሆነው ሰምተዋል፤ ቀና ብለው አዩት። «ምን ብዬ ልለምንህ፣ ልጄ?» አሉ። «አባትም አባት ነው።»

ገዛኸኝ ወደ መኪናው ተመልሶ ክሪኩን አወጣ። ጎማውን ራሱ ፈታ፣ ራሱ አሰረላቸው። «ሂዱ» አለ። «ሂዱ፣ ሳልጸጸት።»

ኑርዬ ተራራውን ወጣ። ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን፣ ልምድ ያለው ነጂ በከባድ ማርሽ ይዞ በሚወርድበት ቦታ፣ እሱ ፍሬን እየረገጠ ወረደ። የቃጠሎው ሽታ ቀድሞ የደረሰው እንድሪስ ነው። «ኑርዬ፣ ፍሬኑ ተቃጠለ፤ ማርሽ ቀንስ!» አለ ዓይኑ እንደተዘጋ። ኑርዬ ሊቀንስ ታገለ፤ ማርሹ አልገባ አለው። ፍሬኑን ሲረግጠው እግሩ ዝም ብሎ ወረደ። መኪናዋ መሮጥ ጀመረች። በስተቀኝ ገደል ነው፣ በስተግራ የተቆረጠ ድንጋይ። ከፊት ለፊት፣ ከመታጠፊያው በታች፣ የከተማዋ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ።

«እማማ፣ አጥብቀው ይያዟት!» አለ ኑርዬ።

መሪውን ወደ ግራ ሰበረው። በራሱ በኩል ያለውን ጎን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀና አልለቅም አለ። ቆርቆሮው እየተቀደደ፣ በሩ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ፒክአፗ እያረሰች ሄዳ ቆመች። የኑርዬ እግር ከበሩና ከመሪው መሀል ቀረ። ከኋላ ያሉት ተናወጡ እንጂ አልተጎዱም።

የከተማው ሰዎች ድምፁን ሰምተው ወጡ። ሰዓዳን በቃሬዛ ይዘው ሮጡ። ሐኪሙ፣ «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አንደርስላትም ነበር» አለ። ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሆስፒታል፣ የኑርዬ ግራ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዚያ እግሩ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል የገዛኸኝን ጎማ ማንም አላስታወሰም።

ሰዓዳ አገግማ ልትወጣ ስትሰናዳ ገዛኸኝ ሆስፒታሉ በር ላይ መጣ። ጎማውን ሊጠይቅ ነበር የመጣው፤ ወይዘሮ ዘነቡን ሲያይ ግን አስቀድሞ «ልጅዎትስ?» አለ።

«ዳነች። አባትህስ?»

ራሱን ነቀነቀ። ዕቃው በተባለው ሰዓት ደርሶለት ነበር። ፍሪሲዮኑን ጠገነ፤ ጎማ ግን የለም። መለዋወጫውን ባመጣው አውቶቡስ ተሳፍሮ እንዳይሄድ፣ የሰው መኪናና የሰው ጭነት ሜዳ ላይ ይዘረፋል። ጎማ አግኝቶ ሲደርስ አባቱ ተቀብረዋል። ለቅሶ ላይ የነበሩት፣ «እስከ መጨረሻው ወደ በሩ ሲያዩ ነበር» አሉት። እርግማኑ ሳይነሳ ቀረ። ባለመኪናውም የሆነውን ሲሰማ፣ «ጎማዬን ለመንገደኛ የምትሰጥ ነጂ አልፈልግም» ብሎ ከሥራ አባረረው።

ወይዘሮ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ ለእንድሪስ፣ ለኑርዬና ለገዛኸኝ ባለዕዳ እንደሆኑ ገባቸው። የቀረቻቸው ሀብት ያቺ መኪና ብቻ ናት። ጎኗ ተጨማደደ እንጂ ሞተሯ ደህና ነው፤ ቢያሠሯት ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ትሆናለች። ቢሸጧት ግን ዋጋዋ ለሦስት ተከፍሎ ማንንም አያቆምም። ሦስቱን ሰዎች ሰዓዳ አልጋ አጠገብ ሰበሰቧቸው።

«መኪናዋን ከእናንተ ላንዱ እሰጣለሁ» አሉ። «ተናገሩ።»

እንድሪስ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ተናገረ። «እማ፣ ያቺ መኪና ሥራዬ ነበረች። እኔ ክዳኑን ባልከፍት ኖሮ ሜዳው ላይ እንቀር ነበር። አሁን ልጆቼን በምን ላሳድግ? ነጂ ቀጥሬም ቢሆን እኖርባታለሁ።»

ኑርዬ ባመጡበት ቃሬዛ ላይ እንደተጋደመ፣ «ገደል እንዳንገባ እግሬን ሰጠሁ» አለ። «የአነዳድ ጥፋት አለብኝ፣ አልክድም። ግን ይህቺ ሕፃን የኔ ናት። እማማ፣ አባቷ አሁን በምን ያብላት?»

ገዛኸኝ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «እነሱ ለእህታቸው፣ ለሚስታቸው ነው የሰጡት» አለ። «እኔ ሰዓዳን አላውቃትም ነበር። ስጡኝ ብዬ አልለምንም፤ ብትሰጡኝ ግን እንቢ አልልም። አባቴን የሚመልስልኝ የለም፣ ቤቴም ባዶ ነው።»

ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። ሰዓዳ ልጇን አቅፋ ሦስቱንም አየቻቸው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እናትየው የመኪናዋን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ቀሩ።

እንግዲህ ሰሚዎች ሆይ፣ አንዱ ዓይኑን ሰጠ፤ ሳይበርድ እንደማይከፈት እያወቀ። አንዱ እግሩን ሰጠ፤ ፍሬኑን ያቃጠለውም እሱ ነው። አንዱ የአባቱን ምሕረት ሰጠ፤ ለማያውቃት ሴት። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ሰዓዳ አትደርስም ነበር። እናንተ በወይዘሮ ዘነቡ ቦታ ብትሆኑ፣ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር?