ውሾቹ የታሰሩለት እንግዳ

አንድ ገበሬ ነበረ። አጥሩ ጠንካራ፣ ውሾቹም ኃይለኞች ነበሩ። ዳሩ ግን የግቢው ምንጭ ደፈረሰና ውሃው ያሳምመው ጀመር። ሊሞት ሲቃረብ አንድ እንግዳ ከሩቅ መጣ፤ ጭቃውን ጠርጎ ምንጩን አጠራለት። ገበሬው የጠራውን ውሃ በእፍኙ ይዞ አለቀሰ። የማያውቀው ሰው እጅ ሕይወቱን መልሳለታለችና።

ምንጩ በየቀኑ የሚጠርገው ስለሚፈልግ እንግዳው በዚያው ኖረ። ውሾቹ ግን ሊለምዱት አልቻሉም፤ ባዩት ቁጥር ሊበጫጭቁት ይነሡ ነበር። ገበሬው አሰራቸው።

ገበሬው ጅብ ፈርቶ ሲመሽ በሩን አጥብቆ ይዘጋ ነበር፤ ቀኑን ግን አመነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንዲት ጦጣ አጥሩን ዘልላ አንድ ራስ በቆሎ በላች። «አንድ ራስ ምን አላት?» ብሎ ተዋት። በሳምንቱ መንጋው መጣ።

ሚስቱ፣ «አንተ ሰው፣ ለጦጣ ነው እንዴ የዘራኸው? ውሾቹን ፍታቸው እንጂ!» አለችው።

ሄዶ ገመዱን ያዘ። እንግዳውን ምንጩ ላይ አጎንብሶ ሲጠርግ አየው። ገመዱን ሳይፈታ ተወው። በማሳው መካከል ማማ ሠርቶ ወንጭፉን ይዞ ወጣ፤ ውሾቹ ያዩለት የነበረውንም በገዛ ዓይኑ ይጠብቅ ጀመር።

ታረቀኝ፣ «የምውጠው መድኃኒት ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣል ብለው ሐኪሞቹ ከነገሩኝ ለምን አልተወውም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዳው እህትህ የሰጠችህ ኩላሊት ነው። ውሾቹ የሰውነትህ መከላከያ፣ መድኃኒቱም ገመዳቸው ነው፤ ከፈታሃቸው አስቀድመው የሚበሉት እሱን ነው። ጦጣዋ አልድን የምትል ትንሽ ቁስል ናት፤ ብዙ ጊዜም ከፀሐይ ጋር ትመጣለች። «ጥቁር ነኝ» አትበል፤ ጥቁር ቆዳ ጥሩ አጥር ነው፣ ግን ይዘለላል። ባርኔጣ አድርግ፣ እጅጌህን አውርድ፣ ፀሐይ የማያየውንም ገላህን ፈትሽ፤ አዲስ ነገር ካየህ ለሐኪም አሳይ።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔም እንዳንተ፣ ወንድሜ በሰጠኝ ኩላሊት አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ነጠላዬን እስከ ጉንጬ የምሸፍነው ሰው እንደሚለው ስለማፍር ብቻ አይደለም። ብጉር ናት ብዬ ሁለት ዓመት የተውኳት ካንሰር ከጆሮዬ ሥር ተቆርጣ ወጥታለች፤ ጠባሳዋን ከሐኪሞቹ በቀር ማንም አላየም። አንተ ግን እየው። አየህ? የሌላ ሰው ሥጋ ግን አሁንም በውስጤ ይሠራል፤ በየማለዳው እደነቃለሁ። በል ኪኒንህን አምጣ፤ የእኔም እዚህ አለ፤ አብረን እንዋጥ።