በጋሽ ይርዳው ዓይን ውስጥ የነቁት ጂኖች

በአንድ ወቅት፣ አንድ አይሱዙ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ እየበረረ ሳለ፣ ሾፌሩ በየኩርባው «አባዬ፣ መጋረጃው የት ደረሰ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

«አፍንጫዬ ጋ» አለ ጋሽ ይርዳው፣ የበሩን እጀታ ጨብጦ።

«ቆሟል ወይስ ይመጣል?»

«አቦ መንገዱን እይ!»

ሾፌሩ ልጁ ደግፌ ነው። ጋሽ ይርዳው ዕድሜውን ሁሉ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ቀኝ ዓይኑን ድሮ የብረት ፍንጣሪ ወስዶበታል። የቀረችው ግራይቱ ነበረች። እሷም ላይ ጥቁር መጋረጃ ከጎን እየተሳበ ይመጣባት ጀመር። ድንገት የመጣ አልነበረም። ከሳምንታት በፊት ጥቁር ነጠብጣብ ሲዋኝባት፣ መብረቅ ብልጭ ሲልባት አይቶ ዝም ብሏል። መዶሻ ሲጮህበት የኖረ ሰው ብዙ ማውራት አይለምድም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሻዩን ይዞ ልጁን ሲያየው፣ «ግማሽህ የለም» አለው።

ደግፌ ወደ መኪናው ሮጠ። መኪናው የሰው ነው፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚሄድ ጫት ተጭኖበታል። ጫቱን ከነእስሩ አጥር ስር አውርዶ ቆለለና አባቱን ጋቢና አስገባ። የጫቱ ባለቤት መንገድ ላይ ደወለ።

«ጫቴ እየጠወለገ ነው፣ አንተ ሌባ!»

«የአባቴም ዓይን እየጠወለገ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እንጀራው እዚያው ላይ ተዘጋ።

ሚኤሶ ሲደርሱ ጋሽ ይርዳው በቀረችው ግማሽ ዓይን የድሮውን ጣቢያ ግድግዳ አየ። ሣር በቅሎበታል። ባቡር በነበረበት ዘመን ግን እዚህ ሰው እንደ ንብ ይተም ነበር። ሟች ሚስቱን ስንዱን ያገኛት በዚሁ መስመር ነው፤ ኤረር ጣቢያ፣ ብርቱካን በቅርጫት ተሸክማ ከመስኮት ወደ መስኮት ስትሮጥ። ሦስቱንም ልጆች በፉጨቱ ሰዓት እየለኩ ነው ያሳደጓቸው። የጠዋቱ ባቡር ሲያፏጭ ተነሡ፤ የማታው ሲያፏጭ ግቡ።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ዓይኑን በብርሃን አይቶ፣ «ነገ ብትመጡ የምሠራው ነገር አይኖርም ነበር» አለ። ከዓይን በስተኋላ ሬቲና የሚባል እንደ ስስ ሻሽ ያለ ነገር አለ፤ የሚያየው እሱ ነው። ከግድግዳው ተላቋል። በላዩ ላይ ደግሞ ጠባሳ በቅሎ፣ እየተኮማተረ ይጎትተዋል። «ጠባሳውን እልጠዋለሁ፤ ሬቲናውንም በጋዝ አረፋ ገፍቼ እመልሰዋለሁ። የምፈራው ጠባሳው ተመልሶ እንዳይበቅል ነው። ከበቀለ ዓይኑ አይተርፍም።»

የመጨረሻዋ ልጅ ረድኤት እዚያው አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትማራለች፤ ትሠራለችም። የበረዶ ሳጥን ይዛ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ከዓይንህ የሚላጠውን ስጠኝ።»

«ምን ይሠራልሻል?»

«አነበዋለሁ።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ዓይኔ ውስጥ ጽሑፍ ኖሯል?»

«አለ አባዬ። ሰውነት ውስጥ ጂን የሚባሉ አሉ፤ የሥራ ትእዛዝ ማለት ናቸው። አንዳንዱ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ነቅቷል። ጠባሳው ውስጥ የቱ እንደነቃ ካወቅን የሚያስተኛውን መድኃኒት እንፈልጋለን። እናንተ ጎርፍ ሐዲድ ሲወስድ ለጥገና ትጠሩ አልነበር? ዓይንህም ውስጥ ቁስል ጠጋኞቹ ተጠርተዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን አልሄዱም፤ አሁንም እየጎተቱ ያጠብቃሉ።»

ጋሽ ይርዳው ትንሽ አሰበና፣ «ውሰጂው» አላት።

ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳች ቁራጭ ነበረች። ለሁለት ጊዜ ምርመራ አትበቃም። ረድኤት ለመመረቂያ ጥናቷ ወራት ጠብቃ ያገኘችውን የጂን ማንበቢያ መሣሪያ ተራ ለዚያች ቁራጭ አዋለችው። ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ሌላ ዓመት ቀረች። ጋሽ ይርዳው ይህን የሰማው ከእሷ አይደለም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ። አረፋው ሬቲናውን ወደ ኋላ የሚገፋው ፊት ወደ መሬት ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሲተኛም ሲቀመጥም ሲበላም መሬት መሬት ማየት አለበት። የሚያስታምመውም የመጀመሪያ ልጁ ፈለቀች ነበረች። ከድሬ በማግስቱ ደርሳ፣ ረድኤት በተከራየችው ክፍል ከአባቷ ጋር ተቀመጠች። ፈለቀች አላገባችም፤ እናቷን አስታማ ቀብራ፣ አባቷን ይዛ የቀረች ናት።

መጀመሪያ ትራራለት ነበር። አንገቱ ሲያመው፣ «በቃ ትንሽ ቀና በል» ትለው ነበር። አንድ ቀን ግን ረድኤት ከቤተ ሙከራ ደወለች።

«ፈለቀች፣ አገኘሁት! በአባዬ ጠባሳ ውስጥ ጂኖቹ ነቅተዋል።»

ፈለቀች ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና መልሳ አስጠጋችው። «ምኖቹ?»

«ጂኖቹ! ተኝተው መኖር የነበረባቸው። አንዷማ እረፍት የላትም።»

«በስመ አብ! ሴት ናት?»

«ምን ያስፈራሻል? ሰው ሁሉ ላይ አሉ። አንቺም ላይ አሉ።»

«እኔ ላይ?»

«ግማሹ ከአባዬ፣ ግማሹ ከእማዬ።»

«እማዬን ተያት! እማዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም!»

መስመሩ ተቋረጠ።

ፈለቀች ባደገችበት ሰፈር ስለ ጂኒ የሚወራው ብዙ ነው። የነቃ ጂኒ ሰማይ ካየ አይለቅም፤ መሬት መሬት ሲያይ ከዋለ ግን ሰልችቶት ይተኛል ሲባል ሰምታለች። የሐኪሙ ትእዛዝ አሁን ገባት። ሐኪሙም ያውቃል ማለት ነው አለች በልቧ። ስሙን መጥራት ይበልጥ ያነቃዋል ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ለአባቷ አልራራችም።

«አንገቴ ሊቆረጥ ነው፣ ልጄ።»

«ይቆረጥ። ወደ መሬት!»

«ለአንድ አፍታ ብቻ...»

«አባዬ፣ ቀና ብትል እጮሃለሁ። ድሬ ድረስ ነው የምጮኸው!»

ሐኪም ቤት ያገኟቸው ሌሎች በሽተኞች ሳይቀሩ፣ ሰው ትንሽ ጎኑን ቢያሳርፍ ምን ይሆናል ይሏታል። አትሰማም። እንዳይሰለቸው ግን አንድ ዘዴ አመጣች። እሱ ከአልጋው ጫፍ ፊቱን ወደ ታች ሲያንጠለጥል፣ እሷ ከስሩ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። እሱ በፋሻ ውስጥ ሆኖ አያያትም፤ ድምፅዋ ግን ከታች ይመጣለታል። ጣቢያዎቹን ትጠራለታለች።

«ሁርሶ።»

«ሁርሶ» ይላል እሱ።

«ኤረር።»

እዚህ ጋ ይዘገያል። የብርቱካኑ ሽታ ይመጣበታል።

«አባዬ፣ ባቡሩ ቆመ እኮ!»

«ይቁም። ስንዱ ሸጣ ትጨርስ።»

እንዲህ እያሉ በጎታ፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ አድርገው አዋሽ ይደርሳሉ፤ ከአዋሽም ይመለሳሉ። ወለሉ ብርድ ነበር። ፈለቀች ወገቧን ይዟት ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ አትሄድም።

ረድኤት ያገኘችውን ለሐኪሙ አሳየችው። ሐኪሙ መክሮ ያቺን ጂን ያስተኛል ያለውን መድኃኒት ዓይኑ ውስጥ በመርፌ ይሰጠው ጀመር። ጋዙ ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ሐኪሙም በየጊዜው ፋሻውን ከፍቶ፣ ገና ፊት የማይለየውን ዓይን እያየ በእሺታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ጠባሳው አልተመለሰም። በመጨረሻም፣ «ነገ ፋሻው ይነሳል፤ ፊት ይለያሉ» አለው።

ይኸኔ ነው ነገር የመጣው። በሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር አንድ ልማድ ነበር። ከከባድ ሕመም የተነሣ ሰው መጀመሪያ ያየውን ፊት ይመርቃል። ያ ምርቃት ለሁለት አይከፈልም፣ አይደገምምም። ጋሽ ይርዳው በወጣትነቱ አፍደም ላይ ወባ ጥሎት ሲነሣ ያየው የስንዱን ፊት ነው። «ዓይኔ ያየሽ፣ ክፉ አይይሽ» አላት። እስከ መጨረሻ ሕመሟ ድረስ ክፉ አላያትም። ልጆቹ ይህን ታሪክ ከእናታቸው አፍ እየሰሙ ነው ያደጉት። ከአባታቸው የሚመኙት ሌላ ርስት የላቸውም።

በማግስቱ ሦስቱም መጀመሪያ ልግባ እያሉ ፋሻው የሚነሳበት ክፍል በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ይርዳው ከውስጥ፣ ዓይኑ እንደታሰረ ይሰማቸዋል።

«ጂኗን ያስተኛኋት እኔ ነኝ» አለች ረድኤት።

«አንቺ? እኔ ነኝ እንጂ!» አለች ፈለቀች። «መሬት መሬት ሳሳያት የከረምኩት!»

ከዚያ ደግፌ ሳቁን ለቀቀው። «እህቴ ጂኒ ስትጠብቅ ነው የከረመችው!»

ረድኤትም ሳቀች፤ አስረዳቻትም። የፈለቀች ድምፅ ቀዘቀዘ።

«ሳቁ። ለምን እንደያዝኩት ምን አገባችሁ? ይዤዋለሁ።»

«ይዘሽዋል» አለች ረድኤት፣ «መድኃኒቱ ባይገኝ ግን ጠባሳው ያንን ሁሉ መከራሽን በልቶት ነበር።»

«እኔ ባላመጣው ኖሮ» አለ ደግፌ፣ «አንቺ ምን ታነቢ ነበር? እሷስ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ሐኪሙ ሲያልፍ ጠየቁት። «ቀኑ ቢያልፍ አይድንም ነበር። ጠባሳው ቢመለስ አይድንም ነበር። ቀና ብሎ ቢተኛም አይድንም ነበር» ብሏቸው ገባ።

ጋሽ ይርዳው ወንበሩ ላይ ሆኖ አሰበ። አንዱ እንጀራውን አጥር ስር ጥሎ መጣ፤ የሰውን መኪና ግን ሳያስፈቅድ ነው። አንዷ ዓመቷን ለቁራጭ ጠባሳ ሰጠች፤ ያደረገችውን አውቃ፣ መዝና። አንዷ ወገቧን ለወለል ሰጠች፤ ያባረረችው ግን ያልነበረ ነገር ነው። የሦስቱንም ፊት ለማስታወስ ሞከረ። የሚመጡለት በልጅነታቸው ብቻ ነው፤ በማታው ፉጨት አቧራ ለብሰው ሲገቡ፣ ማን ቀደመ እያሉ ሲጋፉ። ያኔ ስንዱ ሦስቱንም በአንድ ነጠላ ትጠቀልላቸው ነበር።

ነርሷ ከኋላው ቆማ የፋሻውን ጫፍ ፈታችና እጇን አሳረፈች።

«አባባ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሐኪሙም መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይሁን ብለዋል። ልጆችዎ ሦስቱም በሩ ላይ ናቸው። የሚገባው ማን ነው?»